አርባ ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ፓስዎርድ

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ኮምፒውተር ላብ ገብተው ላፕቶፖቹን ከፍተዋል። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እምቢ ብሎኛል» አለች። ሄጄ አየሁት፤ 17 ቁጥር ነው። የአድሚን ፓስዎርዴን፣ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ የሚያዘውን፣ አስገባሁ። አልተቀበለኝም። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ቀጥሎ 18 ቁጥር፣ ከኋላ ደግሞ 22 እና 23 እያለ ደወሉ ሳይደወል ስድስት ላፕቶፕ ከእጄ ወጣ።

ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምራለሁ። ላፕቶፖቹን የምጠግነውም እኔው ነኝ። 42 ናቸው። በእርዳታ የመጡ፣ ያገለገሉ፣ ዊንዶውስ 10 ፕሮ የተጫነባቸው። ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ አድርጎ በሞዴል 22 በስሜ ወጪ ሲያደርግልኝ እንቅልፍ አጣሁ። አንዱ ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያኔ የታየኝ መቆለፍ ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው ያ ሐሳብ የት እንዳደረሰኝ ለመናገር ነው። ብቻውን ላብ የያዘ መምህር በየከተማው ብዙ አለ፤ እኔ የከፈልኩትን ዋጋ እሱም እንዲከፍል አልፈልግም።

መጀመሪያ ያደረግኩት እንዲህ ነበር። ለሁሉም አንድ ዓይነት የአድሚን ፓስዎርድ ሰጠሁ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የተሠራበትን ሁሉ አጥፍቶ ወደ ነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም ጫንኩ። ፍላሽ ከለከልኩ። ኮንትሮል ፓነሉን ዘጋሁ። ለአንድ ወር ሰላም ሆነ። ሰላሙን የሥራዬ ውጤት አድርጌ ቆጠርኩት።

የስድስቱን ላፕቶፖች ፓስዎርድ የቀየረውን ልጅ ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቢሮ ጠርቼ «አልቀጣህም፤ እንዴት እንዳደረግከው ብቻ አሳየኝ» አልኩት። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ከኪሱ ፍላሽ አወጣ፤ የዊንዶውስ መጫኛ አለበት። ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳው፣ አንድ የሲስተም ፋይል በሌላ ተካ፣ መልሶ አስነሳው። የመግቢያው ስክሪን ላይ በስተቀኝ ጥግ ያለችውን የአካል ጉዳተኞች ማገዣ ምልክት ሲነካት ጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ተከፈተ። አንድ መስመር ጻፈ። የኔ ፓስዎርድ ተቀየረ። በእጄ ሰዓት አየሁ፤ አምስት ደቂቃ አልሞላም።

«ለምን?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ፕሮጀክታችንን እያጠፋብን ነው።»

የባዮሎጂ የቡድን ሥራ ነበራቸው። ብዙ የለፉበት። መብራት ድንገት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ የሞተ ስለሆነ አብሮ ጠፋ። ሲበራ የኔ ፕሮግራም ሥራቸውን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶታል። ወደ ፍላሽ እንዳይገለብጡ እኔው ከልክያለሁ። ልጁ ቁልፉን የሰበረው ጨዋታ ለመጫን አልነበረም። ያንን ፕሮግራም ለማቆም ነው።

ያን ቀን ማታ ብዙ አሰብኩ። ሁለት ነገር ተምታቶብኝ ነበር። ላፕቶፑን ከልጆቹ መጠበቅና ላፕቶፑን ለልጆቹ መጠበቅ አንድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ተነሳ፦ ይህ ላፕቶፕ ዛሬ ቢበላሽ፣ የተማሪው ሥራ ሳይጠፋ፣ እኔ ሳልኖር፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይመለሳል ወይ?

የጀመርኩት ከታች፣ ከባዮስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም ነው። ባዮሱ ክፍት ከሆነ ዊንዶውስ ላይ የምታደርጉት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ልጁ ያሳየኝ ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ የባዮስ ፓስዎርድ አደረግኩ። ከውስጥ ዲስኩ በቀር ከምንም እንዳይነሳ አደረግኩ። ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን አበራሁ። በቆዩ ላፕቶፖች ላይ ታች ያለችውን ክብ ባትሪ ነቅሎ መመለስ የባዮስ ፓስዎርዱን ሊያጠፋው ይችላል። አዲሶቹ ላይ ግን ፓስዎርዱ ያለ ባትሪ በሚሠራ ቺፕ ላይ ስለሚቀመጥ እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። ይህ በሁለት በኩል ይቆርጣል። አዲሱን ላፕቶፕ ልጅ አይከፍተውም፤ ፓስዎርዱን ከረሳችሁት ግን እናንተም አትከፍቱትም።

ለአሮጌዎቹ አንዲት የባዮሎጂ መምህርት የጥፍር ቀለም ሰጠችኝ። ቀይ ነው። ከታች ያሉትን ብሎኖች አናት በአንድ ጠብታ ነካሁት። ብሎኑ ከተፈታ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ አርብ አርብ ላፕቶፖቹን ገልብጬ አያለሁ። ሥራው አሥር ደቂቃ ነው። እስካሁን የተሰነጠቀ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማራገቢያውን አጸዳለሁ ብሎ የፈታው የሥራ ባልደረባዬ ነበር።

ቀጥሎ ቢትሎከር። ዲስኩን የሚመሰጥረው ይህ ነው። ከዊንዶውስ ፕሮ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ዲስኩ ከተመሰጠረ የልጁ ዘዴ አይሠራም፤ ከውጭ ገብቶ ፋይል መቀየር አይቻልምና። ላፕቶፑ ቢሰረቅም ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ አይቻልም። ግን ቢትሎከር መልሶ ማግኛ ቁልፍ አለው፤ 48 አሃዝ ነው። ያንን ቁልፍ ሳትይዙ ቢትሎከር አታብሩ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ላፕቶፖች ስመሰጥር ቁልፉን «በኋላ እጽፈዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአንዱን የባዮስ ቅንብር ነካካሁ። ሳስነሳው ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ 48ቱን አሃዝ ጠየቀኝ። የለኝም። በዚያ ዲስክ ላይ የነበረው የአንዲት መምህርት የፈተና ጥያቄ ሁሉ ጠፋ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እንደገና ተቀምጣ ጻፈችው። እስካሁን ሳገኛት ያሳፍረኛል።

አሁን ደብተር አለን። ተራ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ አንድ ገጽ። የሴሪ ቁጥሩ፣ የባዮስ ፓስዎርዱ፣ የአድሚን ፓስዎርዱ፣ 48ቱ አሃዝ፣ የተጠገነበት ቀን። ደብተሩ የሚቀመጠው ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ነው። ከኔ ሌላ አንድ የሒሳብ መምህር የማውጣት ፈቃድ አለው። ስናወጣ ቀኑን ጽፈን እንፈርማለን። ትልልቅ ድርጅቶች ይህን በሰርቨር ያደርጉታል፤ ዊንዶውስ ላፕስ የሚባል የእያንዳንዱን ኮምፒውተር የአድሚን ፓስዎርድ በየጊዜው ራሱ የሚቀይር ነገር አለ። ግን በሰርቨር ላይ የሚሠራ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ወይም የማይክሮሶፍት የክላውድ አካውንት ይፈልጋል። እኛ ሰርቨር የለንም። ኔቱም ቀን በቀን አይገኝም። ደብተሩ በቂያችን ነው። ዋናው ነገር የ17 ቁጥሩ ፓስዎርድ 18ን እንዳይከፍት ነው። ድሮ አንድ ፓስዎርድ ካወቁ 42ቱንም ያውቁ ነበር።

አካውንቱን ሦስት አደረግኩት፦ ተማሪ፣ መምህር፣ አድሚን። ተማሪውም መምህሩም ተራ ተጠቃሚ ናቸው። አንዳንድ መምህራን ቅር አላቸው። ግን ፕሮጀክተር ላይ ሰክተው ሳለ ከኋላ ስንት ዓይን ጣታቸውን እንደሚያይ አስቡት። መምህሩ አድሚን ከሆነ በሳምንት ውስጥ ክፍሉ ሁሉ አድሚን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ግሩፕ ፖሊሲ፣ ተጠቃሚው ምን መንካት እንደሚችል የሚወሰንበት የዊንዶውስ ቅንብር። እኔም ተሳስቻለሁ። ኮንትሮል ፓነሉን ስዘጋ በተለመደው የፖሊሲ መስኮት ስለገባሁ ለሁሉም ነው የዘጋሁት። አድሚን ሆኜ ስገባ ለኔም ተዘግቷል። አንድ ፕሪንተር ለመጨመር ግማሽ ቀን ፈጀሁ። መፍትሔው እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ኤምኤምሲ የሚባለውን ባዶ መስኮት ክፈቱ። የግሩፕ ፖሊሲ ማስተካከያውን ስትጨምሩ «ብራውዝ» የሚል አለ። እሱ ውስጥ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ታገኛላችሁ፤ «አድሚን ያልሆኑ» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ የምትዘጉት ሁሉ በተማሪውና በመምህሩ ላይ ብቻ ይሠራል። አድሚኑ ነፃ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያው ዓመት ልፋቴ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ምን ዘጋሁ? ከምታስቡት ያነሰ። የትዕዛዝ መስኮቱን፣ የሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብሮች መዝገብ) ማስተካከያውን፣ የኔትወርክ ቅንብሩን። የጀርባ ሥዕል መቀየሩን ተውኩት። በፊት እሱንም ዘግቼ ነበር። ልጅ የእግር ኳስ ቡድኑን ፎቶ ቢለጥፍ የሚጎዳ ነገር የለም። በማይረባ ነገር ስታስጨንቁት ግን የሚረባውንም ቁልፍ ሊሰብር ይነሳል።

ጨዋታ ሌላ ጉዳይ ነው። ተማሪው አድሚን ባይሆንም ከፍላሽ ላይ ሳይጫን የሚሠራ ፕሮግራም ማስኬድ ይችላል። ክሮም እንኳ አድሚን ፓስዎርድ ሳይጠይቅ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ራሱን ይጭናል። ይህን የሚያቆመው አፕሎከር ነው። ድሮ በኢንተርፕራይዝና በኤዱኬሽን እትሞች ላይ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ አፕዴት የተደረገ ፕሮ ላይም አሁን ይሠራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ «ፕሮግራም ፋይልስ» እና «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ ያለው ይሂድ፣ ሌላው አይሂድ። ነገር ግን መጀመሪያ ነባሪ ደንቦቹን፣ አፕሎከር ራሱ የሚያቀርባቸውን፣ ፍጠሩ። ያለ እነሱ አንድ ደንብ ብቻ ካስገባችሁ ዊንዶውስ የራሱን ፕሮግራሞች ሳይቀር ይከለክላል። ደግሞ በቀጥታ ወደ ክልከላ አትግቡ። «ኦዲት» የሚል አማራጭ አለ፤ አይከለክልም፣ ሊከለክል የነበረውን ብቻ ይመዘግባል። እኔ አንድ ላፕቶፕ ላይ ለሳምንት እንዲሁ ተውኩት። መዝገቡን ሳየው የፕሮግራሚንግ ክበብ ልጆች በሲ ፕላስ ፕላስ ጽፈው ራሳቸው የሠሩት ፕሮግራም ሁሉ ሊታገድ ነበር! ለነሱ ዲ ድራይቭ ላይ አንዲት ፎልደር ከፈትኩ። በወሩ እዚያች ፎልደር ውስጥ ጨዋታ ገባ። አየሁት፤ ተውኩት። ለሚማሩት ልጆች የተከፈተ በር ነው፤ ሁለት ጨዋታ ስለገባበት አልዘጋውም።

የፍላሽ ክልከላዬንም አነሳሁ። አብዛኛው ተማሪ ቤት ኮምፒውተር የለውም። ሥራውን የሚያሳትመው እዚሁ ጅማ መርካቶ ወይም ፈረንጅ አራዳ ካሉት ፎቶኮፒ ቤቶች ነው፤ ያለ ፍላሽ አይሆንም። ፍላሹ ግን ከዚያ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፋይሉን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ላብ በሩ ላይ አንድ ላፕቶፕ ለዚሁ ብቻ አስቀመጥን። ፍላሽ መጀመሪያ እሱ ላይ ይሰካል፣ ይፈተሻል፣ ከዚያ ይገባል። ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሳውን አውቶራንን ሁሉም ላይ አጠፋሁ። የፋይል ቅጥያ እንዲታይ አደረግኩ፤ ልጆቹ ፎቶ የሚመስለው ነገር በእርግጥ ፎቶ መሆኑን ማየት ይልመዱ። የዊንዶውስ ዲፌንደር፣ የዊንዶውስ የራሱ ፀረ ቫይረስ፣ አፕዴት ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው። በ42 ስታባዙት የሞባይል ዳታ አይችለውም። አንድ ጊዜ ቢሮ አውርጄ በፍላሽ አዞራለሁ። ለዊንዶውስ አፕዴት ደግሞ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውን ቅንብር አበራሁ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው በላቡ ኔትወርክ ከሱ ይወስዳል።

አፕዴት ካነሳሁ አይቀር፣ የዊንዶውስ 10 ነፃ የደህንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የኛዎቹ 18ቱ ብቻ አለፉ። የቀሩትን ከኢንተርኔት አውጥቼ ለጽሕፈትና ለኤክሴል ትምህርት ብቻ አደረግኳቸው። አራቱ ላይ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሲስተም ጭኜ እየሞከርኩ ነው፤ ልጆቹ ከኔ ቀድመው ለመዱት።

እንደገና ወደ ባዮሎጂው ፕሮጀክት ልመለስ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ያን አጥፊ ፕሮግራም ነቀልኩት። ዲስኩን ለሁለት ከፈልኩ። ሲ ላይ ዊንዶውስና ፕሮግራሞች፣ ዲ ላይ የተማሪዎች ሥራ፣ በክፍልና በቡድን ተለይቶ። የቃላት መጻፊያውም ሌላውም ፕሮግራም በራሱ ዲ ላይ እንዲያስቀምጥ፣ በየአምስት ደቂቃውም ሴቭ እንዲያደርግ አስተካከልኩ። ከዚያ አንዱን ላፕቶፕ እንደምፈልገው አድርጌ አዘጋጀሁና ክሎንዚላ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሲን ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ያዝኩ። አሁን ላፕቶፕ ሲበላሽ ቫይረሱን አላሳድድም። ቅጂውን መልሼ እጭናለሁ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ዲ አይነካም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቅጂው የሚያዘው ቢትሎከር ሳይበራ ነው። ላፕቶፑ ከተመለሰ በኋላ ቢትሎከር እንደገና ይበራል፤ ያኔ 48ቱ አሃዝ አዲስ ነው። የድሮው ደብተር ላይ ከቀረ ዋጋ የለውም፤ ተሰርዞ አዲሱ ይጻፋል። ዲ ድራይቭን ደግሞ አውቄ አልመሰጠርኩትም። ሲ ቢሞት የልጆቹን ሥራ በሌላ ኮምፒውተር ማንበብ እፈልጋለሁ። በምትኩ የግል ፎቶና መታወቂያ እዚያ እንዳያስቀምጡ ተማሪዎቹን ነግሬያለሁ።

ስለ ቁም ሳጥኑም ልንገራችሁ። ከውጭ የሚመጣው የብረት መቻርጃ ሳጥን ዋጋው አይቀመስም። ጅማ ደግሞ የእንጨት ባለሙያ ሞልቷል። በርጩማ የሚሠራ አናጢ ዘንድ ሄጄ ባለ 42 መደርደሪያ ሳጥን አሠራሁ። እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው። ከጀርባው የአየር ቀዳዳ፣ ለገመዱም መውጫ አለው። እግሩ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ምክንያቱን ያውቃል። የበሩን ማጠፊያ ወደ ውስጥ አድርግልኝ አልኩት፤ ከውጭ ከሆነ ሌባ ቁልፉን ትቶ ማጠፊያውን ይፈታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ እየበዛ ቻርጀር ስለሚያቃጥል ሳጥኑን በስታቢላይዘር በኩል አገናኘነው። ክረምት ላይ ላፕቶፖቹን ግማሽ ቻርጅ አድርጌ እዘጋቸዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ አውጥቼ አበራቸዋለሁ። በመጀመሪያው ክረምት ይህን ሳላደርግ ቀርቼ መስከረም ላይ ሦስቱ ሻግተው፣ የሁለቱ ባትሪ አብጦ ጠበቀኝ። ያበጠ ባትሪ አይቻረጅም፣ አይበሳም፤ ወዲያው ከልጆች ይራቅ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ተማሪው ላፕቶፑን ቤት ሲወስድ የሚያደርገውን የምናይበት ነገር ጫን ተባልኩ። እምቢ አልኩ። አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ የሎወር ሜሪየን ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ላፕቶፕ ካሜራ ከርቀት ሲያበሩ ተገኝተው በ2010 እ.ኤ.አ. ተከሰው ነበር። ልጆች መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ሳይቀር ፎቶ ተነስተዋል። ጉዳዩ በ610,000 ዶላር ነው በስምምነት ያለቀው። በኛም አገር አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ለክፍል ውስጥ ግን ቬዮን የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መምህሩ የሁሉንም ስክሪን ያያል። ግድግዳው ላይም «በክፍለ ጊዜ መምህሩ ስክሪንህን ያያል» ብለን ለጠፍን። ልጁ እያወቀ ነው የሚታየው።

ባለፈው ወር አጋሮ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ስልኬ ጠራ፤ የሒሳቡ መምህር ነው። «31 ቁጥር አልነሳም አለ። ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ይፈልጉታል» አለኝ። «ደብተሩን አውጣ፣ ክሎንዚላው ያለበት ፍላሽ ካዝናው ውስጥ ነው» አልኩትና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን ከፈትኩ። 31 ቁጥር ቦታው ላይ ቻርጅ ያደርጋል። አበራሁት። ዲ ላይ የልጆቹ ሥራ እንዳለ አለ። ካዝናው ጋ ሄጄ ደብተሩን ገለጥኩ። የድሮው 48 አሃዝ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ አዲሱ፣ በኔ ባልሆነ የእጅ ጽሑፍ፣ ስድስት ስድስት አሃዝ እየተከፋፈለ በጥንቃቄ ተጽፏል።